ሃያ አራቱ ዘመዳሞች

ሰቶ ሰመሮ በተባለው ሰፈር በሚገኘው የመድኃኒት ምርምር ቤት፣ ደሬሳ የጥንቸሎቹ ክፍል ወለል ላይ ሞቶ የተገኘው ረፋዱ ላይ ነበር። የዓይኑ ብሌን ሰፍቷል፤ ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እጁ አጠገብ ባዶ የሽሮፕ ጠርሙስ ወድቋል። በላዩ የተለጠፈው የአማርኛ ጽሑፍ የማሂራ የእጅ ጽሑፍ ስለሆነ አንድ ፖሊስ መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

ማሂራ የቤተ ሙከራው ባለሙያ ናት። እንስሳቱን ከሚመግበው ከደሬሳ ጋር አምስት ዓመት ሠርታለች። እንባ ግን አልመጣላትም። ደረቷ እንደ ደነዘዘ እግር ዝም ብሏል።

ኢንስፔክተር ዘይቡ አስከሬኑን አይተው ወደ ምርምሩ ኃላፊ ዞሩ።

«ዶክተር ወንድወሰን፣ ምን ሆኖ ነው ይላሉ?»

«አስም ነበረበት። መደርደሪያው ላይ ‹የአስም ሽሮፕ› የሚለውን አንብቦ ጠጥቷል። ሽሮፑማ አይገድልም፤ ሃያ አራት ጥንቸሎች ወስደውት አንዳቸውም አልታመሙ። ማሂራ ስታዘጋጅ አብዝታበት ካልሆነ።»

«ለምን ጥንቸል?»

«ከአይጥ ይልቅ ለሰው ትቀርባለች።»

ዘይቡ ማሂራን አዩዋት። እሷ መሬት መሬቱን እያየች፣ «አይደለም» አለች። «በዘረመል አይጥና ጥንቸል እርስ በርሳቸው ነው የሚዛመዱት። ለእኛ ሁለቱም እኩል ሩቅ ናቸው። መጀመሪያ በአይጥ ሞክረን ሰባት ሞቱብን። ዶክተር ‹በሽታ ገብቶባቸው ነው፣ በጥንቸል ይቀየር› አሉ።»

ሽሮፑ የተሠራበትን ቅጠል ከሸቤ ገጠር ያመጡት ሼህ ቲጃኒ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል።

«ሼህ፣ ቅጠሉ ምንድን ነው?» አሏቸው ዘይቡ።

«አስተናግር ነዋ። እኛ ለአስም ጭሱን ነው የምንስበው። ይጠጣ ብዬ እንደሆነ ወላሂ ምላሴ ይቆረጥ።»

«ጥንቸል ትበላዋለች?»

«እንደ ዘሯ ነው። አንዷ በልታ ትዘላለች፣ ሌላዋ በልታ ትዘረራለች። ሰው ግን፣ ማሎ፣ ዘሩ ምንም ይሁን ይዘረራል።»

ዘይቡ በየሳጥኑ ላይ የተንጠለጠሉትን ካርዶች ተመለከቱ። ደሬሳ የየጥንቸሏን እናትና አያት በኦሮምኛ፣ በላቲኑ የቁቤ ፊደል የጻፈባቸው ናቸው።

«የጋብቻ ሽማግሌ ይመስል ዘር ቆጥሯል እኮ» አሉ።

«‹ዘመዳሞች እንዳይጋቡብኝ› ይል ነበር» አለች ማሂራ። «ትናንት ሦስታችንም ከእሱ ጋር ሻይ ስንጠጣ፣ ‹ጥንቸሎቹ ሁሉ ዘመዳሞች መሆናቸውን ነገ ለሚመጡት ገምጋሚዎች እነግራለሁ› አለን። የቀለደ መስሎኝ…»

ወንድወሰን ‹ኦሮምኛ አልችልም› ስላለ፣ እሷ ከሳጥን ሳጥን እየሄደች አነበበችላቸው። የሁሉም ቆጠራ የሚያልቀው ሎሚ በምትባል አንዲት ጥንቸል ላይ ነው።

«ደሬሳ አማርኛ ያነባል?» አሉ ዘይቡ።

«ይናገራል እንጂ ፊደሉን አይለይም። የተማረው በቁቤ ነው።»

ዘይቡ ሦስቱንም አንድ ላይ አስቀመጧቸው።

«የአማርኛ ፊደል የማያውቅ ሰው ከመደርደሪያ አንብቦ አያነሳም። ጠርሙሱን ያስጨበጠው የሚያምነው ሰው ነው። ጥንቸሎቹ አስተናግር የማይጎዳው የአንድ እናት ዘር ናቸው። ይህ ዛሬ ለገምጋሚዎቹ ቢነገር መድኃኒቱ አይፈቀድም። ገዳዩ የደሬሳን አፍ ዘጋ፤ ሃያ አራቱን ካርዶች ግን ተዋቸው። ማሂራ ብትሆን ትቀድዳቸው ነበር። ሼህም ኦሮምኛ ያነባሉ፤ አይተዋቸውም ነበር። ከሦስታችሁ ኦሮምኛ የማይችለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በአይጦቹም ሞት መርዝነቱን ቀድሞ አውቋል።»

ወንድወሰን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሃያ አራቱም በሕይወት አሉ እኮ» አለ።

«እነሱ የሎሚ ልጆች ናቸው። ደሬሳ ዘመዳቸው አልነበረም።»

ፖሊሱ ከማሂራ አጠገብ ወደ ዶክተሩ ሄደ።

«አንቺ መሄድ ትችያለሽ፣ ልጄ» አሏት ዘይቡ።

ማሂራ አመሰገነች። ደስ እስኪላት ጠበቀች፤ ደስታው ግን አልመጣም። ሼህ ቲጃኒ አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቁላት፤ ሄዳ ተቀመጠች።