የቀረሶው ዓይን

ዓሣ ከጎኑ ሲታይ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ጣና ዳር ያደገ ሁሉ ይህን ያውቃል። ሆኖም በዚህ ነገር አንዲት ልጅ አልቅሳለች። እኔ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነኝና አይቻለሁ።

ጎረቤቴ አለቃ ወልደ ሐዋርያት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው። በደሴቶቹ ገዳማት ግድግዳ ላይ የእጃቸው ሥራ ብዙ ነው። ልጃቸው አምሐ ግን እጁን ለዓሣ ሰጠ። ለትምህርት ቤታችን ባዮሎጂ ክፍል የሚሆን ሥዕል ስላልነበረ በትልቅ ካርቶን ላይ ቀረሶ የሚባለውን የጣና ዓሣ ይሥል ጀመር። ክንፉን፣ ቅርፊቱን፣ የስንጥቡን ክዳን ከዓሣው ጋር እያመሳከረ ሣለ። ዓይኑን ሳይሥል ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ።

አለቃ ካርቶኑን ቤታቸው ሰቅለው ከረሙ። ከሥራ ስመለስ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው አገኛቸው ነበር። አንድ ቀን ቀለም በጥብጠው ጨረሱት፤ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች፣ ጎን ለጎን።

«አለቃ፣ ዓሣ እንዲህ ያያል እንዴ?» አልኋቸው።

«አንተ በርህን ጠብቅ፣ አለበል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣን ነው፤ ከሓዲ ነው። የልጄን ሥራ ከይሁዳ ጋር ላስቆጥረው?»

ሥዕሉን ባዮሎጂ ለምታስተምረው ለመምህርት ፀሐይወርቅ ሰጧት። ዓይኖቹን አየች፤ የአለቃን ፊት አየች፤ ተቀብላ ክፍል ውስጥ ሰቀለችው።

«ምን ላድርግ፣ ጋሼ አለበል?» አለችኝ በኋላ። «ልጁ የት እንዳለ ከማያውቅ አባት ጋር ስለ ዓሣ ዓይን ልከራከር?»

ከተማሪው ግማሹ ግን ከሩቅ ደጋ መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ነው። አደይ የምትባለው ልጅ ዓሣ አይታ አታውቅም። በፈተና «ቀረሶን ከጎኑ ሣሉ» ተባሉ፤ በሁለት ዓይን ሣለችው። ያረመው ሌላ መምህር ነበርና ስህተት ነው ብሎ ነጥብ ነሣት። ጓደኞቿም አላስቀመጧት።

«ሁለት ዓይን ባንድ ጉንጭ! አደይ፣ ለዓሣሽ መነጽር ግዢለት እንጂ!»

በሩ ጋ ቆማ ታለቅሳለች። «ያሳዩኝን ነው የሣልሁት» አለችኝ።

መምህርት ፀሐይወርቅ ይህን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። ልጅቷን ይዛ ወደ አለቃ ቤት ሄደች፤ እኔም ተከተልሁ።

«አለቃ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «ያን ጊዜውኑ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር። ሁለት ዓይኑ በአንድ ጎን የሆነ ዓሣ በውቅያኖስ አለ፤ በጣና የለም። እነዚህ ልጆች ዓሣን የሚያውቁት በሥዕሉ ነው። ሥዕሉ ከዋሸ ማንን ይጠይቁ?»

«የኛ ሥዕል እኮ...» ብለው ጀመሩና አደይን አዩ። «አንቺ ነሽ የተሳቀብሽ?»

«አዎ፣ አባ።»

አለቃ ተነሡ። ጋቢያቸውን ደርበው ወደ ሐይቁ ወረዱ፤ እኛም ከኋላቸው። ከታንኳ የወረደ ዓሣ አጥማጅ አንድ ቀረሶ ሰጣቸው። በመዳፋቸው ይዘው አንድ ጎኑን አዩ። ገለበጡት። መልሰው ገለበጡት። እንዲህ እያደረጉ ብዙ ቆዩ።

«አለ» አሉ በመጨረሻ። «በማናየው በኩል ነው እንጂ፣ አለ።»

ይህን ሲሉ ዓሣውን አያዩም ነበር። ከውኃው ማዶ፣ በጎርጎራ በኩል፣ ወደ ሰሜን ነበር የሚያዩት።

በማግሥቱ ትርፉን ዓይን ደምስሰው በቦታው ቅርፊት ሣሉ። ከግርጌውም «አምሐ ሣለው» ብለው ጻፉ። መምህርቷ በክፍሉ ፊት ስህተቱ የአደይ እንዳልነበር ተናገረች።

ወላጆችና መምህራን ሆይ፣ ለልጅ የምታሳዩትን ሥዕል አስቀድማችሁ ከፍጥረቱ ጋር አመሳክሩ። ማዘንም ማክበርም ደግ ነው፤ ነገር ግን የሌለውን ዓይን አይተክልም። ልጅ የሚያምነው ያሳያችሁትን ነው።

አምሐ አልተመለሰም። አለቃ አልፎ አልፎ በትምህርት ቤቱ በር ሲያልፉ ቆም ይላሉ።

«ዓይኑ ደህና ነው?» ይሉኛል።

«ደህና ነው፣ አለቃ።»

«ያኛውስ?»

«እሱም አለ» እላቸዋለሁ።