ያልተዘጋው ዳቦ ቤት

«በዚያ ሁሉ የጦርነት ወር ሥራው ሳይቋረጥ የቀጠለ ንግድ ቤት የሚያውቅ አለ?» ሲሉ መምህር ደጀን ጠየቁ።

ከኋላ ወንበር ዓሪፍ እጁን እንኳ ሳያወጣ ጮኸ። «የኢሕሳን እናት ናቸዋ! እሳቸው ምን ይቋረጣሉ? ደንበኛ ተቀየረላቸው እንጂ።»

ሳቁ ከግድግዳ ግድግዳ ተጋጨ። የኢሕሳን ደም ፊቷ ላይ ወጣ። ቀልዱን ለመርሳ ከተማ ልጅ ማብራራት አያስፈልግም፤ ሁሉም ገብቶታል። ታጣቂዎች ከተማዋን በያዙ ጊዜ መሸሽ የቻለ ወደ ደሴ ሸሸ፣ የሱቅ በር ሁሉ ተቆለፈ። የእናቷ የሁሪያ ዳቦ ቤት ብቻ ከጠዋት እስከ ማታ ይጨስ ነበር። ከተማዋ ነጻ ስትወጣ የሸሸው ሰው ተመለሰ፤ የብዙዎቹ ሱቅ ተዘርፎ ባዶውን ጠበቃቸው። የዓሪፍ አባት ኑርሁሴን የልብስ ሱቁን በር እንኳ አላገኘውም። እንዲህ ተቃጥሎ የመጣ ሰው አንድ ምድጃ እንደጋለ ሲያይ ምን ይላል? «ለታጣቂ ጋገረች» አለ። ወሬው ባንድ ሳምንት ከተማውን አዳረሰ። ከዚያ ወዲህ ግማሹ ደንበኛ በእናቷ በር እያለፈ ከወልድያ በመኪና የሚመጣውን የደረቀ ዳቦ ይገዛል።

«ቀልዱ ይብቃ!» አሉ መምህር ደጀን። የንግድ ትምህርት መምህር ናቸው፤ እሳቸውም ከወልድያ ተፈናቅለው የተመለሱ ሰው ናቸው። መጽሐፉ ስለ አደጋ ግማሽ ገጽ ብቻ ስላለው ቀሪውን ከራሳቸው ጨምረው ያስተምራሉ። «ሁለት ሁለት ሆናችሁ አንድ ንግድ ምረጡ። ምን አደጋ ሊመጣበት ይችላል? ሌላው ሁሉ ቢቆም የማይቆመው የትኛው ሥራ ነው? ከቆመስ በምን ይነሣል? ይህን የያዘ ዕቅድ ታቀርባላችሁ። ጥሩ የሠራ ቡድን በወላጆች ቀን የከተማው ነጋዴዎች ፊት ያቀርባል።»

ደወሉ ሳይደወል መቅደላ ኢሕሳንን በክርኗ ጎነጠቻት። መቅደላ የወንበር ጓደኛዋ ናት። «ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ የሠራው አለ። የአንድ ትልቅ ሆቴል ዕቅድ ነው። ጄነሬተር፣ የእሳት ማጥፊያ፣ ኢንሹራንስ፤ ምን የሌለው አለ! ገልብጠን ማቅረብ ነው። ነጥቡ ኪሳችን ገባ በይ።»

«የት ያለ ሆቴል ነው?»

«የትም የለም። የፈጠራ ነው።»

«ኢንሹራንሱስ ጦርነት ይሸፍናል?»

ጦርነት አብዛኛውን ጊዜ በኢንሹራንስ እንደማይሸፈን መምህር ደጀን ባለፈው ሳምንት ነግረዋቸዋል። «እና ምን ልንጽፍ ነው ታዲያ?» አለች መቅደላ።

«የእናቴን ቤት።»

«አበድሽ እንዴ? ሙድ እንዲይዙብን?»

«ሙዱንማ አሁንም እየያዙት ነው» አለች ኢሕሳን። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ዳቦ ቤቱ ስትደርስ እናቷን ሊጥ ስታቦካ አገኘቻት። እጅጌዋን ሰብስባ፣ ሻርፗን ወደ ኋላ አስራ፣ በሁለት እጇ ትደፈጥጠዋለች። ኢሕሳን የቤት ሥራውን ነገረቻት። ሁሪያ ሊጡን መደፍጠጥ አላቆመችም።

«ሌላ ቤት ፈልጊ» አለች።

«ሌላ ያልተዘጋ ቤት የለማ፣ እማ!»

«ኢሕሳን፣ ስሜን ክፍል ውስጥ እንዳታነሺ። የበሉትንም ሰዎች እንዳታነሺ። ሁለቱን ነው የምልሽ።»

ኢሕሳን ተናደደች። የሆነውን በዓይኗ አይታለች፤ በእጇም ሠርታዋለች። ታጣቂዎቹ ከመግባታቸው በፊት እናቷ ዱቄቱን አንድ ቤት አላስቀመጠችም። ለጎረቤት ሁሉ በየጓዳው አከፋፈለችው። በየማለዳው አንዷ ጎረቤት የዕለቱን ዱቄት በነጠላዋ ሸፍና ታመጣለች። የፋብሪካው እርሾ ሲያልቅ ሁሪያ ከሊጡ ቆንጥራ እያስተረፈች እርሾውን በሦስት ቤት አኖረችው፤ አንዱ ቢደፋ ከሌላው እንዲገኝ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር በማገዶ ጋገረች። የመጀመሪያው ዳቦ ገና ሳይነጋ በጓሮ አጥር ይወጣል፤ መሸሽ ላልቻሉት፣ ለአራስ፣ ለታማሚ፣ ለሽማግሌ። ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ይደረደራል። ታጣቂዎቹ ሲመጡ መደርደሪያውን ያዩታል። አንዱ ይከፍላል፣ አንዱ ዝም ብሎ አፍሶ ይሄዳል። መደርደሪያው ባዶ ቢሆን ኖሮ ወደ ጓዳ ይዘልቁ ነበር።

በአጥር የሚወጣውን ዳቦ የምታደርሰው ኢሕሳን ነበረች። ከምታደርስላቸው አንዷ ደግሞ የዓሪፍ አያት ናቸው። እግራቸው አልሄድ ብሏቸው ቤተሰቡ ሲሸሽ ብቻቸውን ቀሩ። ዳቦውን ተቀብለው ዱዓ ሳያደርጉላት አንድም ቀን አልሸኟትም። ለልጃቸውም ለልጅ ልጃቸውም አልተናገሩም መሰል፤ ምናልባት ጥለዋቸው የሄዱትን ማሳፈር አልፈለጉ ይሆናል።

«አንድ ጊዜ ብነግረው እኮ ዓሪፍ አፉን ይይዛል!» አለች ኢሕሳን። «ያ ባለጌ አያቱ በማን እጅ እንደከረሙ ቢያውቅ!»

ሁሪያ ይኼኔ ነው ቀና ያለችው። «ወላሂ እንዳታደርጊው! ለአላህ ብዬ የሰጠሁትን ለሰው ካወራሽ አጅሬን፣ ከእሱ የማገኘውን ምንዳ፣ ነው የምታጠፊብኝ። እኝያ ሴትዮ ነገ በደጄ ሲያልፉ አንገታቸውን ይደፋሉ። የሰው አንገት ላስደፋ አይደለም የጋገርኩት።»

«ያንቺስ አንገት?»

ሁሪያ ሊጡን በጨርቅ ሸፈነችና እጇን ልትታጠብ ወጣች። እናቷ በገዛ ከተማዋ ውስጥ እንደ ጥፋተኛ ድምጿን ዝቅ አድርጋ መኖሯ ኢሕሳንን አንገበገባት። አለቀሰች፤ ከሐዘን ይልቅ ንዴት ነበር።

የማቅረቢያው ቀን መቅደላ ባዶ እጇን መጣች። «ሆቴሉን ለወንድሜ መለስኩለት» አለች እየተነጫነጨች። «ዜሮ ካገኘን ግን አልለቅሽም።»

ተራቸው ሲደርስ ኢሕሳን ወደ ሰሌዳው ሄደች። ጠመኔ አነሳችና ከጫፍ እስከ ጫፍ በሚሞላ ፊደል «ሁሪያ ዳቦ ቤት» ብላ ጻፈች። እናቷ ካዘዘቻት ሁለት ነገር አንዱን እያወቀች ጣሰችው። ክፍሉ ተንሾካሾከ። አንዱ አፏጨ።

እሷ አልቸኮለችም። ዱቄቱ ለምን እንደተከፋፈለ፣ እርሾው ለምን ሦስት ቤት እንዳደረ፣ መብራት ሲጠፋ በምን እንደተጋገረ፣ ሳይነጋ ለችግረኛ ዳቦ በአጥር እንዴት ይወጣ እንደነበር ተናገረች። መቅደላ ከጎኗ ቆማ የአደጋውን ዓይነት ከነመፍትሔው ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች። መደርደሪያው ጋ ሲደርሱ ዓሪፍ ብድግ አለ።

«ታዲያ ለታጣቂ ሸጠዋል ማለት ነው!»

«ሸጣለች» አለች ኢሕሳን። «ወስደውባታልም። የመደርደሪያው ዳቦ ባይኖር የአጥሩ ዳቦ አይወጣም ነበር። ዕቅዱ ይኸው ነው፤ ደብቀን ያቀረብነው ነገር የለም።»

«የአጥሩን ማን በላው? ስም ጥሪያ! ማንም እየተነሣ ለችግረኛ ሰጠሁ ማለት ይችላል።»

መምህር ደጀን ዓሪፍን ይገሥጹታል ብላ ጠብቃ ነበር። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው አሰቡ። «ጥያቄው ልክ ነው» አሉ። «ዕቅድ በማስረጃ ነው የሚቆመው። የተጠቀመ አንድ ሰው እንኳ ካልጠቀስሽ ሙሉ ነጥብ ልሰጥሽ አልችልም። ለወላጆች ቀን ማሳለፍም ያስቸግረኛል። ነጋዴዎቹ ይህንኑ ነው የሚጠይቁሽ።»

ኢሕሳን ዓሪፍን አየችው። ቆሞ ፈገግ ብሏል። አንድ ስም ብቻ ነው የሚቀረው፤ ስሙ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ብትተነፍሰው ያ ፈገግታ ባንድ አፍታ ይጠፋል፣ ክፍሉም ሁሉ ወደ እሱ ይዞራል። ምን ያህል እንደተመኘችው! ከዚያ አሮጊቷ ዳቦውን የሚቀበሉባቸው ሁለት የሚንቀጠቀጡ እጆች ትዝ አሏት። እነዚያን እጆች የክፍል መሳቂያ ልታደርጋቸው አልቻለችም።

«ነጥቡን ይቀንሱት፣ ቲቸር» አለች። «ስም አልጠራም።»

መቅደላ እንደታመመ ሰው አቃሰተች።

«ለምን?» አሉ መምህሩ።

«የበላ ሰው ስለበላ ምስክር መሆን የለበትማ! እናቴን የሚያምን ይመን፣ የማያምን ይተው። እኔ ግን ቤቷን የፈጠራ ሆቴል አላደርገውም። ስሟም እንደተጻፈ ይቆያል።»

ዓይኗን አልሰበረችም። መምህር ደጀን መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ዕቅዳችሁ ያልሸፈነው አደጋ አለ?»

«አለ» አለች ኢሕሳን። «ከጦርነቱ በኋላ የሚመጣው ሐሜት። ዱቄት አዘጋጅተን ነበር፣ እርሾ አዘጋጅተን ነበር። ለእሱ ግን ምንም አላዘጋጀንም።»

ማንም አልሳቀም። መምህሩ ነጥቡን ጻፉ። መቅደላ አንገቷን አስግጋ አየችው፤ ሙሉ አልነበረም።

ከትምህርት ቤቱ በር ሲወጡ ዓሪፍ ከኋላ ደረሰባት። እንደ ወትሮው አልጮኸም። ቦርሳውን ከትከሻ ወደ ትከሻ እያዛወረ ትንሽ አብሯት ተራመደ።

«ኢሕሳን... አያቴ ያኔ ብቻዋን ነበረች። እኛ ስንመጣ ደህና ሆና ነው ያገኘናት። ምን ትበላ ነበር?»

ኢሕሳን ቆመች። ዓሪፍ ዓይኗን ሊያይ አልደፈረም።

«እኔን ለምን ትጠይቀኛለህ? እሳቸውን ጠይቃቸው» አለችና ጥላው ሄደች።

ዋናው መንገድ ላይ ስትደርስ ሰዓቱ የዳቦ መግዣ ሰዓት ነበር። በክፍል የተባለው ነገር እስኪመሽ ድረስ እናቷ ጆሮ እንደሚገባ ታውቃለች፤ መርሳ ወሬ የሚያድርባት ከተማ አይደለችም። ቁጣውንም ታውቀዋለች። ዙሪያውን ዞራ በጓሮ መግባት ትችል ነበር። ፊት ለፊት ባለው በር፣ ሦስት ደንበኞች በቆሙበት ገባች።

«እማ» አለች ጮክ ብላ፣ የቆሙት ሁሉ እየሰሟት። «ዛሬ ስምሽን ጠርቼዋለሁ።»