በመብራት ማላከክ

መምህርት ዓይናለም ፍላሹን ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩና «እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ፎርማት አድርጌ እንደ አዲስ እጭነዋለሁ» አሉ።

አጠገባቸው የቆመችው ተማሪ መሠረት ክው አለች። ኮምፒውተሩ ፎርማት ከተደረገ ውስጡ ያለው ሁሉ ድራሹ ይጠፋል። የሚኒ ሚዲያ ክበቡ ሳምንቱን ሙሉ የቀረጸው ድራማ ደግሞ ሌላ ቦታ የለም። ዛሬ የወላጆች ቀን ነው፤ አባቷ የልጃቸውን ድምፅ ሊሰሙ ከገሳይ በጠዋት ተሳፍረው መጥተው፣ ድንኳኑ ሥር የፊት ወንበር ይዘዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ኮምፒውተሩን ስትከፍት «አዲስ ማሻሻያ አለ፣ ይጫን?» የሚል መልእክት መጣ። እሷም ምን ቸገራት፣ ይጫን አለች። ከርነል የሚባለው የሲስተሙ እምብርት ተቀየረ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ግን ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ዘርግፎ ድርቅ አለ። መምህርቷ ደርሰው ምን እንደነካው ሲጠይቁ፣ ጓደኛዋ ፈንታሁን ከክበቡ እንዳትባረር ፈርቶ ቀደማት፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ነው የመታው አለ። መብራት የማያደርገው ነገር ስለሌለ ማን ይጠራጠራል? መምህርቷም አመኑት።

መሠረት ወደ ፈንታሁን አየች። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። የዋሸው ለእሷ ብሎ ነው፤ እውነቱን ብታወጣ እሱንም ልታስበላው ነው። የመምህርቷ ጣት ግን ወደ ቁልፉ እየሄደ ነበር።

«ቲቸር፣ አንዴ ይቆዩ» አለች። «መብራት አይደለም። ከርነሉን እኔ ነኝ ያሻሻልኩት። ከዚያ በኋላ ነው አልነሣ ያለው።»

መምህርቷ ሁለቱንም ገረመሟቸው። ከዚያ ሳይታሰብ ፊታቸው ፈካ። «አንቺ ልጅ፣ ይሄን ቀድመሽ ብትነግሪኝ እኮ ግማሹ ሥራ አልቆ ነበር!» የውሸቱን ነገር ሰኞ እንነጋገራለን ብለው ፍላሹን ነቀሉት። አዲሱ ከርነል ቢያስቸግርም የድሮው እዚያው እንደሚቀመጥ፣ በእሱም ማስነሣት እንደሚቻል እያስረዱ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ሺፍትን ተጭና እንድትይዝ አዘዟት። ዝርዝር መጣ፤ አዲሱ ከላይ፣ የድሮው ከታች። መሠረት ወደ ታች ወርዳ ኢንተርን መታች።

ነጩ ጽሑፍ ዥው ብሎ አለፈ። ዴስክቶፑ ብቅ አለ፤ ድራማውም እንዳለ አለ። ፈንታሁን ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ፤ መምህርቷም እልል ለማለት ትንሽ ቀራቸው።

ድራማው ግቢውን ሞላው። ኮሌጅ ካልገባሁ ያለው የጉና ተራራ በግ፣ ድምፁ የፈንታሁን ነው፣ «ባአ» ባለ ቁጥር ወላጁ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። መሠረት አባቷ እንባቸው እስኪመጣ ሲስቁ በመስኮት አየቻቸው። እንደዚያ ቀን ተደስታ አታውቅም።

ጭብጨባው ሳያባራ፣ ድርግም፣ መብራት ሄደ። መምህርቷ ቀስ ብለው ወደ ፈንታሁን ዞሩ። እሱም ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ።

«ይሄኛው እንኳ የእውነት መብራት ነው ቲቸር።»

ሦስቱም ሳቁ። መብራቱ ሲመለስ መሠረት እጇን ወደ ኪቦርዱ ሰደደችና፣ ዛሬስ ብቻዬን አልነካም ብላ መለሰችው። ወንበሩን ለመምህርቷ ሳብ አድርጋ፣ አዲሱ ከርነል ምን እንደነካው አብረው እንዲያዩት ጠየቀቻቸው። ፈንታሁንም ሌላ ወንበር ጎትቶ አጠገቧ ተቀመጠ።