ኮምፒውተሬ «አቤት» ያለለት

የጂኒ ወሬ ሲነሳ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነኝ፣ ኮምፒውተር ደግሞ ያላዘዙትን እንደማይሠራ አሳምሬ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ይህን የማወራችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ ሳይሆን እስካሁን ከሆዴ ስላልወጣልኝ ነው።

ኢንተርኔት መጣ ሄደ በሚልበት በዚያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሰሞን፣ ጎባ ላይ ከጓደኛዬ ከጀማል ጋር ከሳነቴ ተራራ ማዶ ላሉት ለሪራ ማር ቆራጮች አንድ የድረ ገጽ አፕሊኬሽን እናዘጋጅ ነበር፣ ከጫካ ደውለው ያላቸውን ማር በድምፅ ይናገሩበታል። ያስቸገሩን ሽማግሌዎቹ ናቸው። በኛ አገር የጠሩት ሰው «አቤት» ሳይል ወሬ አይጀመርም፣ እነሱም ደውለው ስሜን «ታደሰ» ብለው ይጠሩና ይጠብቃሉ፣ መልስ ሲያጡ ይዘጋሉ። ስለዚህ ዋናውን አፕሊኬሽን ሳልነካ፣ ቤት ሳያፈርሱ ጓዳ እንደመቀጠል በሉት፣ በኤክስቴንሽን በኩል የራሴን የጃቫስክሪፕት ፓኬጅ፣ ትንሽ ፕሮግራም ነው፣ ልጨምርበት ወሰንኩ፣ ስሜ ሲጠራ በገዛ ድምፄ «አቤት» የሚል።

ፓኬጁን በምጨምርበት ቀን ጀማል በሞተር ሳይክል ሪራ ሄዷል። ለአስር ሰላት እደርሳለሁ ብሎ ነበር፣ ሰዓቱ አለፈ፣ መመለሻው በሆነው በሳነቴ ተራራ ላይ ጉሙ ወርዷል። ሚስቱ ዘይነባ አጠገቤ ተቀምጣ ስልኩን ትሞክራለች፣ ዝግ ነው። ባለፈው ክረምት እዚያው ጉም ውስጥ መንገድ ስቶ በብርድ የሞተ ሰው ነበር፣ ሁለታችንም እያሰብነው አናነሳውም። እጄ ሥራ ይያዝልኝ ብዬ ፓኬጁን ከፍላሽ ገለበጥኩ፣ የፓኬጁን ስም ኤክስቴንሽኑ ላይ ጻፍኩ፣ አፕሊኬሽኑን እንደ አዲስ አስነሳሁት። የኢንተርኔቱ ገመድ ተነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ተጠቅልሏል፣ እመኑኝ።

መጀመሪያ ከስፒከሩ ነፋስ የመሰለ ነገር ተሰማ፣ ቀጥሎ «አቤት» አለ፣ የኔው ድምፅ ነው። ዘይነባ ቀና ብላ ማን ጠራህ አለችኝ። ማንም፣ ተሳስቶ ነው አልኳት። ፓኬጁን ከኤክስቴንሽኑ አወጣሁ፣ ፋይሉንም አጠፋሁ፣ እንደገና አስነሳሁት። ነፋሱ ተመለሰ፣ አሁን ቀረብ ብሎ፣ አሁንም «አቤት» አለ። ዘይነባ «አዑዙ ቢላህ» ብላ ከወንበሯ ተነሳች፣ እኔ የላፕቶፑን ባትሪ ነቀልኩ።

ጀማል ለመግሪብ፣ ጀንበር ስትጠልቅ ደረሰ፣ በጭቃ ተለውሶ፣ ከንፈሩ በብርድ ጠቁሮ። ዘይነባ አለቀሰች፣ እኔም ወንበሬን ለቀቅኩለት። ትኩስ ወተት ጠጥቶ ነፍሱ መለስ ሲልለት አየት አደረገኝ።

«ያ ታዴ፣ አንተ ሳነቴ ላይ ምን ልታደርግ ወጣህ?»

ከቢሮ እንዳልወጣሁ ነገርኩት። መንገዱ ጠፍቶት ገደል አፋፍ ላይ እንደቆመ፣ ምን እንዳሳሰበው ሳያውቅ ስሜን እንደተጣራ፣ እኔም አቤት እንዳልኩት፣ ድምፄን ተከትሎ መንገዱን እንዳገኘ አጫወተን። ዘይነባ አላህን አመሰገነች። እኔም ላመሰግን ነበር፣ ግን አንድ ነገር ከነከነኝና፣ ደግመህ ስትጠራኝስ መለስኩልህ ወይ አልኩት።

«አልደገምኩም» አለኝ ጀማል። «አንዴ ነው የጠራሁህ።»

ከዚያ ወዲህ ሳነቴን ተሻግሬ አላውቅም፣ ጉም ሲወርድም ስሜን የሚጠራኝን ሰው፣ ዘመድ ይሁን ደንበኛ፣ መልኩን ሳላይ አልመልስለትም። ሰው «ኮራ» ይለኛል። እኔ ግን እፈራለሁ፣ በሁለተኛው «አቤት» ለማላውቀው ጠሪ አንዴ መልሼለታለሁና።