እሜቴ ቆዳዋን የለወጠች ዕለት

ሰው በሠርግ ይተዋወቃል፣ በገበያ ይተዋወቃል። ሪሀናንና ጀይሉን ያስተዋወቀቻቸው ግን ሸረሪት ናት።

ከጨፋ ሮቢት ከመጣ የማሽላ ጆንያ ውስጥ መዳፍ የምታክል ፀጉራም ሸረሪት ዱብ አለች። እህል ነጋዴው ጀይሉ በጫማው ሊጨፈልቃት ሲል፣ ማሽላ ልትገዛ የቆመችው የባዮሎጂ መምህርት ሪሀና እጅጌውን ጨምድዳ ያዘችው።

«ተው! የፊት እግሮቿን ያነሳችው ልትነክስህ አይደለም፤ ፈርታህ ነው!»

ጀይሉ ሸረሪቷን ትቶ መምህርቷን አየ። ጫማው በእጁ እንደተነሳ ቀረ።

ሪሀና ሸረሪቷን አፈር ባለው የመስታወት ሣጥን ውስጥ አኖረቻት፤ ስሟንም እሜቴ አለቻት። ጀይሉም በየሳምንቱ ፌንጣ ይዞ ይመጣ ጀመር። አንዲት ፌንጣ ለማድረስ ከሚሴ ከተማን በባጃጅ የሚያቋርጥ ሰው ምን እንደፈለገ የባጃጁ ሾፌር ሳይቀር ያውቃል።

«ዛሬ ደግሞ እንቢ አለች፤ ተቀየመችኝ እንዴ?» ይላል ከደጃፍ ቆሞ።

«ቆዳዋ ጠቧት ነው። ልትለውጥ ስትል አትበላም። ከለወጠች በኋላም ሁለት ሳምንት ማንም አይነካትም።»

እንዲህ ሲባባሉ ተዋደዱ።

ወሬው ግን የጀይሉ እናት ወይዘሮ ዓዲላ ዘንድ ደረሰ። ሸረሪት የምትቀልብ ምራት! ሽማግሌ ሰኞ ሊላክ፣ ወይዘሮ ዓዲላ ቅዳሜ ልጃቸውን አስከትለው ሪሀና ቤት ከተፍ አሉ። ሪሀና ለጀይሉ ስትል እሜቴን ማሽላ ማሳ ውስጥ ልትለቃት ቆርጣ ነበር። ያን ቀን ግን እሜቴን በጀርባዋ ተንጋላ አገኟት።

«ሞታለች፣ አልሐምዱሊላህ! አውጥተህ ጣላት» አሉ እናትየው።

«አልሞተችም እማማ፣ ቆዳዋን እየለወጠች ነው። አሁን ከተነካች ግን ትሞታለች። ዛሬን ብቻ ይተዉልኝ።»

«ዛሬ ካልወጣች ሰኞ ሽማግሌ የለም! ጀይሉ!»

ጀይሉ ሣጥኑን አየ፤ ሪሀናን አየ። በእናቱ ቃል ላይ ቃል መልሶ አያውቅም።

«እማ፣ አልነካትም» አለ ቀስ ብሎ። «ነፍስ ናት።»

ወይዘሮ ዓዲላ ራሳቸው ሊያወጧት በቁጣ ተጠጉ። አንዱ እግር ከአሮጌው ቆዳ ለመውጣት ሲንቀጠቀጥ አዩና ቆሙ። የሰፈሩ ሴት ባማጠች ቁጥር ለዱዓ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

«ያ ረቢ! ይቺ እኮ ምጥ ላይ ናት!»

«አይ እማማ፣ ቆዳዋን…»

«ዝም በይ፣ በሩን ገርበብ አድርጊው! ጀይሉ፣ አንተ ወንዱ ምን ትገተራለህ? ውጣ!» ሻሻቸውን አጥብቀው ሣጥኑ አጠገብ ተቀመጡ። «አብሽሪ፣ አብሽሪ የኔ እናት።»

ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ብዙ ቆዩ። የእናትየው እጅ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ ሪሀና እንባዋ መጣ። የአስር ሶላት አዛን ሲሰማ እሜቴ አሮጌ ቆዳዋን እንደ ጓንት አውልቃ ወጣች።

«ሰኞ ሽማግሌው ይሄዳል» አሉ ወይዘሮ ዓዲላ። «ቤታችን ይዘሻት ነው የምትመጪው። ኒካሁ ግን ይቆያል፤ አራስ አርባ ቀኗን ሳትወጣ ከቤት አትነቀነቅም።»

ጀይሉ ከደጅ ጮኸ። «አርባ ቀን? እማ፣ ሸረሪት እኮ ናት! ሪሀና፣ ሁለት ሳምንት ይበቃታል በያት እንጂ!»

ሪሀና ሳቋን አፍና ወይዘሮ ዓዲላን ቀና ብላ አየች።

«ልክ ነዎት እማማ» አለች። «አርባ ቀን ነው።»