የቡድን ሦስት አለቃ

ሚዮ የሰጠቻቸው የአለቃ ስም የውሸት ነበር።

እውነቱን ነግራቸው አላመኗትም። ሠራተኛ መስላ የገባችበት የፍሬን ፋብሪካ ውስጥ ቡድን ሦስት የሚባለው አለቃ የለውም። ጠዋት ቆመው ያወራሉ፣ ሥራውን ይከፋፈላሉ። የምርት መስመሩን ማንም ያቆማል፣ ማንንም ሳያስፈቅድ። የላካት ተፎካካሪ ኩባንያ ግን ስም ፈለገ። በገንዘብ የሚገዛ ሰው። በዕድሜ ትልቁን ሰጠቻቸው። ሆሶካዋን።

አሁን ሐማማትሱ ባቡር ጣቢያ፣ ኑድል መሸጫው ጋ ቆማለች። አጠገቧ ኩሮዳ ሶባውን እየሳበ ይበላል። ትእዛዝ የሚሰጣት እሱ ነው። አይተያዩም። በምስጢር ስሟ ጠራት።

«ሽመላ፣ ሥራሽ አልቋል።»

«ሆሶካዋ እሺ አለ?»

«ማን ጠየቀው?» መረቁን ጠጣ። «የፍሬኑን ጎሚኒ፣ ዘይት የሚይዘውን፣ ቀየርንባቸው። የማይረባ ጎማ። ሽማግሌውን ይዘነዋል፤ ከምሳ በኋላ አይገባም። እሱ ከሌለ ማን ያይላቸዋል? ፍሬኑ አውቶቡስ ላይ ይገጠማል። የቀረውን ጋዜጣ ያወራዋል።»

«የት ነው ያለው?»

«ሐይቁ ዳር፣ ጀልባ ማደሻው። ምነው፣ አሳዘነሽ?»

ሳቀች። መሳቅ ነበረባት።

ታክሲ ያዘች።

ፋብሪካው ስትደርስ መስመሩ ቆሟል።

ቀይ መብራት። ቡድኑ ክብ ሠርቷል። የቡድኑ ወሬኛ ካናደ አንድ ጎሚኒ በጣቷ እየለጠጠች ነው።

«ሚዮ ሳን፣ ምን በልተሽ ነው እንዲህ የቆየሽው? ሆሶካዋ ሳን ስላልመጡ ፍተሻውን እኔ ወሰድኩት። እዪው፣ ይሄ ጎማ ነው ማስቲካ?»

«ማን አቆመው?»

«እኔ! አንቺን ልጠብቅ ኖሯል?»

የማን ጥፋት ነው ያለ የለም። «ከየት ገባ?» ነው የሚሉት።

ሚዮ በመስኮት አየች። የኩሮዳ ግራጫ መኪና በሩ ላይ ቆሟል።

ተከትሏታል።

ዝም ካለች እሷ ትድናለች። ሽማግሌው አይድኑም።

«የሆሶካዋ ሳንን ስም ለተፎካካሪው ኩባንያ የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች። «ሐይቁ ዳር፣ ጀልባ ማደሻው ውስጥ ይዘዋቸዋል።»



«አንቺ...» አለች ካናደ። ስድቡን ዋጠችው።

«መኪና አለኝ» አለ አንዱ፤ ወደ ሐይቁ ሮጠ። ሌላው ለፖሊስ እየደወለ ነው። ሌላዋ ጎሚኒዎቹን ሰብስባ ቆለፈችባቸው። ያዘዛቸው የለም።

ሚዮ ስልኩ እስኪጮኽ ጠበቀች። ካናደ አነሳችው፤ የተደወለው ከሐይቁ ዳር ነው። ብዙ ሰማች።

«በሕይወት አሉ» አለች ስትዘጋው። «ቀኝ እጃቸውን ሰባብረውታል። ከእንግዲህ መፍቻ አይዙም።» ቀና ብላ አላየቻትም። «ፖሊስ እየመጣ ነው። ለሱ ተናገሪ። እኔን ምንም እንዳትይኝ።»

ሚዮ ቾክ አነሳች። የግራጫውን መኪና ታርጋ ቁጥር ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፈች። ስሟ ያለበትን መታወቂያ ከደረቷ ፈትታ ወንበር ላይ ጣለችው፤ ከፈረቃ የሚወጡት መሃል ገብታ በጭነት በር ወጣች።