ቀለበት ያለው ጠርሙስ

ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ፣ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር፣ እውነት ነው። አንዲት ቃል ተጨምራበት ከሆነ የጻፈችው እጅ ትድረቅ። የሚጠራጠር ካለ ሄዶ መርማሪ ወንፊትን ራሱን ይጠይቅ፤ ወንፊት አንዴ ማውራት ከጀመረ ጠያቂው እራቱንም እዚያው እንደሚበላ ግን ከወዲሁ ይወቀው።

ወንፊት የሚለውን ቅጽል ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ነገሩን ነፍቶ ነፍቶ እውነቱን ስለሚያወጣ ነው ይላሉ ወዳጆቹ። ምቀኞቹ ደግሞ ዱቄቱ ሾልኮ ሲያልፍ እጁ ላይ የሚቀረው እብቁ ነው ይላሉ። ምቀኞቹን እንለፋቸው።

የዚያን ቀን ጠዋት ሻዩን እንኳ ሳይጨርስ ተጠራ። ጡረታ የወጡ አንድ ሰዓት ሠሪ ሳሎናቸው ውስጥ፣ ምግብ ጠረጴዛው ፊት፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኝተዋል። ወንፊት ደጃፉ ላይ ቆመና ንስር ቢያየው በቅናት ከሰማይ በሚወድቅበት ዓይኑ ክፍሉን ባንድ ጊዜ ጠራረገው። ሟቹ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለዋል። ጠረጴዛው ላይ አንድ አፈ ሰፊ ጠርሙስ አለ፤ ከሥሩ ጥቂት የፎሶሊያ ስባሪና ጨዋማ ውሃ ቀርቶበታል። ሹካ ጠርሙሱ ውስጥ ቆማለች። አጠገቡ ጠፍጣፋ ክዳኑና ክዳኑን ዙሪያውን ጨብጦ የሚይዘው የቆርቆሮ ቀለበት ተቀምጠዋል። መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ውሃ በሞላው ብርጭቆ ውስጥ፣ የሟቹ ሰው ሠራሽ ጥርስ ለማንም ያልሆነ ፈገግታ ፈገግ ብሏል። ወንፊት ይህን ሁሉ አየ። እንዲያውም ጥርሱን አንድ በአንድ ቆጠረው። ከዚያ ከሟቹ ፊት ለፊት፣ ከጠረጴዛው ራቅ ብሎ ተስቦ የቆየውን ወንበር አገኘና ለማሰብ ተቀመጠበት።

«ጉዳዩ ያለቀ ነው፣ ጌታዬ» አለ በር ላይ የቆመው ፖሊስ። «ጠርሙሱ የምራታቸው ነው። እሷ አሽጋ፣ እሳቸው በልተው፣ ይኸው።»

«ያለቀ ነገር አልወድም» አለ ወንፊት። «እኔ ሳልጀምረው እንዴት ያልቃል?»

ከሟቹ ሌላ በቤቱ የሚኖሩት አራት ነበሩ። ምራትዬዋ ባሏ ከሞተ ወዲህ ወጥ ቤቱን ትንሽ ፋብሪካ አድርጋ፣ አትክልት በጠርሙስ እያሸገች ለሱቆች የምታስረክብ ሴት ናት። የሟቹ ታናሽ ልጅ ሹፌር ነው፤ ጠርሙሶቹንም በመኪናው የሚያደርሰው እሱ ነው። ተከራዩ ጥርስ ሠሪ ነው። የሟቹ እህት፣ ሁሉም እትዬ የሚሏቸው፣ ሳሎኑ ጥግ ካለችው ሶፋ ላይ ሹራብ ሲሠሩ ይውላሉ። ወሬው ከቤቱ ቀድሞ ወጥቷልና ከሱቆቹ አንዱ ጠርሙሶቿን በካርቶን መልሶ ደጇ ላይ ጥሎላት ሄዷል። ፖሊሱም ካቴናውን ከወገቡ ፈትቶ በእጁ ማንሿሿት ጀምሯል። ወንፊት ሌላ ሰው ካላገኘ፣ ምራትዬዋ ከምሳ በፊት ጣቢያ ነች።

ወጥ ቤቱ ውስጥ ፕሬዠር ኩከሩ፣ ያ በታፈነ እንፋሎት የሚያበስለው ድስት፣ ምድጃው ላይ ተጎልቷል። እንደዚያ ያለ ድስት ዓለም አላየም። በግ ከነቀንዱ ይገባበታል፤ ፉጨቱን ሲለቀው ባቡር የመጣ መስሏቸው ሻንጣ ያነሡ ጎረቤቶች አሉ። ወንፊት ክዳኑን ከፍቶ አንገቱን እስከ ትከሻው ከተተና ድምፁ እያስተጋባ ጠየቃት።

«ጠርሙሱን እንዴት ነው የምታመክኚው?»

አንዱንም ሳትዘል ነገረችው። የጠርሙሶቹን መስታወት እሳት እንዳይነካው ድስቱ ውስጥ ከታች ወንፊት መሳይ ብረት ይነጠፋል። ከብረቱ በታች ውሃ ይደረጋል። የጠርሙሶቹ ቀለበት አየር ማስወጫ እንዲያገኝ ትንሽ ላላ ይላል። ድስቱ ከተዘጋ በኋላ እንፋሎቱ፣ ውስጥ ያለውን አየር ጠርጎ እስኪያወጣ ትጠብቃለች፤ የእንፋሎቱን መውጫ የሚደፍነውን ክብደት የምታስቀምጠው ከዚያ በኋላ ነው። ሲጨርስ ቀዝቃዛ ውሃ አታፈስበትም፤ ራሱ እስኪበርድ ትተወዋለች። በበረደ ጊዜ ክዳኖቹ መሐላቸው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ያልሰረጎደውን ያን ዕለት ለቤት ታበስለዋለች።

ተከራዩ ግን ሌላ ነገር አለው። ጥርስ ሠሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ባለፈው ወር ፉጨቱ መሐል ላይ ሲቋረጥ በጆሮው መስማቱን ነገረው። ያልመከነ ጠርሙስ ደግሞ ሰው ይገድላል።

«አንተስ?» አለ ወንፊት። «ከሟቹ ጋር ትጣሉ ነበር አሉ።»

«ጋሼ የሠራሁላቸውን ጥርስ አይወዱትም ነበር። እንደ ፈረስ ኮቴ ይጮሃል እያሉ ያሙኝ ነበር። እኔን ለማናደድ አውልቀው መስኮት ላይ ያስጡታል። ግን ለዚህ ብሎ ሰው ይገደላል?»

«ከዚህ ባነሰም ተገድሏል» አለ ወንፊት፣ እንዲህ ያለ ጉዳይ አጋጥሞት ባያውቅም።

ምራትዬዋ ስለ ፉጨቱ ስትጠየቅ አልካደችም። ጋዙ አልቆባት ነበር። አዲስ ሲሊንደር አስመጥታ፣ የበፊቱን እንዳልነበረ ቆጥራ፣ ከመጀመሪያው ጀመረችው። ወንፊት አላመናትም፤ ማንንም አለማመን ሥራው ነው። መደርደሪያው ጋ ሄዶ የዚያን ጊዜዎቹን ጠርሙሶች ክዳን በአውራ ጣቱ አንድ በአንድ ተጫነ። አንዱም እሺ አላለውም፤ ሁሉም ሰርጉደው ድርቅ ብለዋል። እዚያው ቆሞ ሳለ ነው ፀጉሩ የቆመው።

«ቀለበቶቹ የታሉ?»

«ጠርሙሱ ከበረደ በኋላ አወልቃቸዋለሁ» አለች። «ቀለበት ከለበሰ የላላ ክዳን የጠበቀ ይመስላል። ያለ ቀለበት ግን የተበላሸው ራሱ ብድግ ብሎ ይታያል። መኪና ላይ ሲጫን ብቻ ነው መልሼ የማለብሰው፣ መንገድ እንዳያናውጠው።»

ቀለበቶቹ በሩ ጀርባ በገመድ ተሰክተው ተንጠልጥለዋል።

ሹፌሩ ልጅ በበኩሉ ምንም አላየሁም አለ። አባቱ ቤቱ አይሸጥም በማለታቸው ሰሞኑን ተኮራርፈው እንደነበር ግን ሳይጠየቅ አመለጠው። ወንፊት ወደ ሳሎኑ ሲመለስ እትዬ ከሶፋው ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ስለዚያ ጠርሙስ...»

«ይረፉ፣ እትዬ። ሐዘንተኛ አላደክምም።»

እንደገና አፋቸውን ሲከፍቱ ተራዎ ሲደርስ እጠራዎታለሁ አላቸው። እትዬም መርፌዎቻቸውን አነሡ።

ከዚያ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበ። አስከሬኑ ወደ ጓዳ ገብቷል። ወንፊት ያቺኑ ወንበር ይዞ ተቀመጠ፤ ንጉሥም እንዲያ አይቀመጥም።

«ይህች ሴት ጠርሙሷን በሚገባ አምክናለች» ብሎ ጀመረ። ምራትዬዋ እንባዋ መጣ። «መደርደሪያው ይመሰክርላታል። ስለዚህ ሞቱ ከድስቱ አልመጣም፤ ጠርሙሱ ውስጥ የገባው ድስቱ ከበረደ በኋላ ነው። እንዴት አወቅሁ? መደርደሪያው ላይ ቀለበት የለበሰ ጠርሙስ የለም። ጠረጴዛው ላይ ግን ይኸው ቀለበት። የሰረጎደ ክዳን ቀለበት አይፈልግም፤ ራሱ ነክሶ ይይዛል። ቀለበት የሚፈልገው አንዴ ተከፍቶ የላላ ክዳን ነው። አንድ ሰው ከፍቶታል። የሚጨምረውን ጨምሮ መልሶ ዘግቶታል። ክዳኑ አልይዝ ሲለው ቀለበት አጠለቀለት።»

ጥርስ ሠሪው ወደ በሩ አየ።

«አንተ አይደለህም» አለው ወንፊት። «አንተ ወጥ ቤት ገብተህ አታውቅም። እሷም አይደለችም፤ እሷ መደርደሪያ ላይ ቀለበት ማልበስ እንደ ስድብ ነው የምታየው። ጠርሙስ ሁሉ ቀለበት የለበሰ ነው ብሎ የሚያስብ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ ጠርሙስ የሚያየው መኪናው ላይ ተጭኖ ብቻ የሆነ ሰው።»

ዓይኖች ሁሉ ሹፌሩ ላይ ዞሩ። ካቴናውም ዞረ። ልጁ ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሣ።

«እኔ አባቴን... አክስቴ፣ አንቺ ንገሪያቸው እንጂ።»

እትዬ ሹራባቸውን አጠፉና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ድምፃቸው ከመርፌዎቻቸው አይበልጥም ነበር።

«ቀለበቱን ያጠለቅኩት እኔ ነኝ።»

ወንፊት እጁን አነሣ። በዚህ ጊዜ ግን አላቆሙም።

«ትናንት ከፍቼ ግማሹን በላሁ። ክዳኑ አልገጥም ሲለኝ ከገመዱ ላይ አንድ ቀለበት ወሰድኩ። ይቺ ልጅ የምትተዳደርበት ነው፣ የሚሸጥ ነው፤ አፈርኩና ደበቅኩት። የቀረውን ዛሬ ጠዋት ጨረስኩት። እዚያ አንተ የተቀመጥክበት ወንበር ላይ።»

ወንፊት ከወንበሩ ተነሣ።

«ወንድሜ አልቀመሰውም» አሉ እትዬ። «ጥርሱ ያው መስኮት ላይ ነው። በድድ ፎሶሊያ አይበላም። እኔ ደግሞ ይኸው አለሁ፤ ሆዴንም አላመመኝ።»

ሁሉም ወደ ብርጭቆው ዞረው አዩ። ፖሊሱ ካቴናውን ወገቡ ላይ መልሶ ሰካ።

«ታዲያ እሳቸውን ምን ነካቸው?» አለ ወንፊት፣ እንደ ተማሪ ቆሞ።

«ስመጣ እንደዚያው ተቀምጦ ነበር። አቀርቅሮ የሚያስብ መስሎኝ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።» እትዬ ለምራትዬዋ እጃቸውን ዘረጉላትና አጠገባቸው አስቀመጧት። «ዕድሜ ልኩን ሲቆጣኝ ነው የኖረው፣ በላሽ፣ ጨረስሽ እያለ። ዛሬ አንዴም አልተናገረኝም። ራራልኝ አልኩና ቀስ ብዬ፣ የልጅነታችንን እያጫወትኩት በላሁ።»